ወንጌል ኪስ ሲደርስ፦ ስለ መጋቢነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከእነዚህ ጥያቄዎች ግማሾቹ በመጋቢነት (እግዚአብሔር የሰጠንን በአደራ በመያዝ) ትምህርት ላይ እጅ ተነሥቶ የሚጠየቁ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በር ላይ በለሆሳስ የሚነሡ ናቸው። የገንዘብ ጥያቄ ሰው ፊት መጠየቅ ያሳፍራል። መልሶቹ የተጻፉት ከወንጌላውያን ወገን ሆነን ነው፤ ኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎችም የራሳቸውን ጥያቄ የሚያገኙባቸው ቦታዎች አሉ።

መዳን በጸጋ ከሆነ ስለ ገንዘብ ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ?

ኤፌሶን 2፥8-9ን ብዙዎቻችን በቃላችን እንወጣዋለን፦ መዳን በጸጋ በእምነት ነው፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም። ቁጥር 10 ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንደርስም። እዚያ ጳውሎስ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። ሥራው የመዳን ዋጋ አይደለም፤ የዳነ ሰው ኑሮ ነው።

ቅደም ተከተሉን ዘኬዎስ ቤት ማየት ይቻላል (ሉቃስ 19)። ሰውዬው የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነው። ቀራጭ ለሮም የሚገባውን ካስገባ በኋላ በላዩ የጨመረውን ለራሱ ስለሚያስቀር፣ ሕዝቡ እንደ ሌባም እንደ ከዳተኛም ያየው ነበር። ኢየሱስ ሾላው ሥር ቆሞ ዛሬ ቤትህ ልውል ሲለው አንድም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። «መጀመሪያ የዘረፍኸውን መልስ» አላለውም፤ ሕዝቡ ያንጎራጎረውም በዚህ ነው። ዘኬዎስ ተነሥቶ ስለ ገንዘቡ የተናገረው እንግዳውን በደስታ ከተቀበለ በኋላ ነው።

በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። አንዳንዱ ሰባኪ ገንዘቡን ያስቀድምና «ስጥ፣ ጌታ ቤትህ ይገባል» ይላል። ሌላው ደግሞ ታሪኩን ማዕዱ ላይ ያቆመዋል፤ ዘኬዎስ በልቶ ጠጥቶ በማግስቱ ወደ ቀረጥ ጠረጴዛው እንደ ወትሮው የተመለሰ ይመስል። ሁለተኛው በእኛ ቤት ይበዛል።

ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል። እኛስ ከማመናችን በፊት ያጭበረበርነውን መመለስ አለብን?

መጀመሪያ የእሱን ሒሳብ እንሥራው። ሀብቱ 800 ሺህ ብር ነበር እንበል። ግማሹ፣ ማለትም 400 ሺው፣ ለድሆች ሄደ። በግፍ የሰበሰበው 100 ሺህ ብቻ ቢሆን እንኳ አራት እጥፉ 400 ሺህ ነው፤ እጁ ላይ ምንም አይቀርም። ከሀብቱ ከስምንት አንዱ በማጭበርበር የመጣ ከሆነ ያ ንግግር ባዶ እጁን ያስቀረዋል ማለት ነው። ሕጉ እንዲህ አላስገደደውም። በዘሌዋውያን 6 መሠረት ያታለለውን ከነአምስተኛው እጅ ጭማሪ ቢመልስ ይበቃው ነበር። አራት እጥፍ በዘጸአት 22 በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ የተወሰነ ቅጣት ነው። ዘኬዎስ ራሱን እዚያ መደብ ውስጥ አስገባ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሚታወቅ ሰው ላይ የሚታወቅ ጉዳት ካደረስን አዎ፣ ይመለሳል። ሚዛን የሚያሳንስ ነጋዴ፣ የሻጩን ዋጋ ደብቆ በመሀል የበላ ደላላ፣ የሟች ወንድሙን ልጆች ርስት በስሙ ያዞረ አጎት፣ እነዚህ ንስሐ ገባን ሲሉ ጉዳዩ በጸሎት ብቻ አይዘጋም። የተበደለው ሰው ከጠፋ ወይም ከሞተ ዘኍልቍ 5፥8 ገንዘቡ በበዳዩ እጅ እንዳይቀር ያዛል፤ ወራሽ ይፈለጋል፣ ወራሽ ከሌለ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። ዛሬ ለድሆች መስጠት ይቻላል። ዕዳው በአንድ ጊዜ የማይከፈል ከሆነ ከባለ ገንዘቡ ጋር ተነጋግሮ በየወሩ መክፈልም መመለስ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ከሆነ ብቻችሁን አትወስኑ፤ የሚታመን ሽማግሌና የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

አንድ ነገር ግን ደጋግመን እናያለን። ሰውየው መድረክ ወጥቶ «እንዲህ እንዲህ አጭበረብር ነበር፣ ጌታ ለወጠኝ» ብሎ ይመሰክራል፤ ጉባኤው እልል ይላል። ገንዘቡን የተበላው ሰው ግን ወሬውን የሚሰማው ከጎረቤት ነው። ቅድሚያ እሱ ቤት ይኬዳል፤ መድረኩ የትም አይሄድም።

አሥራት ግዴታ ነው?

እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አሥራትና በኩራትን የምእመን ግዴታ አድርጋ ታስተምራለች፤ ብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎችም እንዲሁ። «አዲስ ኪዳን ቁጥር አልወሰነም» የሚሉም አሉ። ከመከራከራችን በፊት ግን ብሉይ ኪዳን ራሱ ምን እንዳለ እንይ፤ ስብከት ላይ የምንሰማው ሚልክያስ 3ን ብቻ ነውና።

የእስራኤል አሥራት በዋናነት እህል፣ ወይን፣ ዘይትና ከብት ነው። በዘኍልቍ 18 መሠረት ርስት ላልተሰጣቸው ለሌዋውያን ይሰጣል። ዘዳግም 14ን ያነበበ ሰው ደግሞ ይገረማል፦ ሰውየው አሥራቱን ይዞ ወደ ተመረጠው ስፍራ ይወጣና ከቤተ ሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይበላዋል፤ መንገዱ ከራቀው በገንዘብ ለውጦ እዚያ ሲደርስ ነፍሱ የወደደችውን ይገዛበታል። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ አሥራቱ በአገሩ ደጆች ይከማችና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው ይጠግባሉ። ስለዚህ አሥራት የአገልጋይ ደመወዝም፣ የበዓል ድግስም፣ የድሀ ቀለብም ነበር። ሚልክያስ «ወደ ጎተራ አግቡ» ሲል የሚናገረው ስለዚያ ነው። ጎተራው ባዶ ሲቀር ምን እንደሚሆን ነህምያ 13 ላይ ተጽፏል፤ ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስለ ቀረ አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄዱ።

ኢየሱስ በማቴዎስ 23፥23 ፈሪሳውያን ከአዝሙድ ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ይወቅሳቸዋል፤ አሥራቱንም አታውጡ አላለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለት መልእክት ስለ ገንዘብ በሰፊው ሲጽፍ አንድም ጊዜ «አሥር በመቶ» አላለም። የሚለው እንደ አቅማችሁ፣ አስቀድማችሁ በልባችሁ አስባችሁ፣ ሳትገደዱ በደስታ ስጡ ነው።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ከአሥር አንድ ለመጀመር ጥሩ ልክ ነው፣ ለብዙዎቻችንም ጠቅሟል። ነገር ግን የመብራት ቢል አይደለም፤ ያልከፈለ አይቆረጥበትም። በወር ብዙ መቶ ሺህ ለሚያገኝ ሰው ደግሞ አሥር በመቶ ሰጥቶ በቀረው እንደ ልቡ መኖር ትልቅ እምነት አይጠይቅም።

የሚሰላው ከጥቅል ደመወዝ ነው ወይስ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከተቆረጠ በኋላ?

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አይመልስም። ልባችሁ ያረፈበትን ወስኑና ቀጥሉ። ጥቂት መቶ ብር ለማትረፍ ቀመር የምንፈልግ ከሆነ ግን ችግሩ ቀመሩ ጋ አይደለም።

ደመወዜ ቤት ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ አይበቃም። ምን ልስጥ?

2 ቆሮንቶስ 8፥12 ስጦታ የሚመዘነው ባለን እንጂ በሌለን አይደለም ይላል። ልጅ ሳይበላ እንዲያድር አድርጎ አሥራት ማውጣት ማንም ሊጠይቅህ የሚገባ ነገር አይደለም። በዘዳግም 14 ድሀው የተጻፈው ከሚበሉት ወገን ነው፤ ምናልባት በዚህ ዓመት ያንተ ቦታ መቀበል ይሆናል፤ ይህም አያሳፍርም።

ያላትን ሁሉ፣ ሁለት ሳንቲም፣ የሰጠችውን መበለት ታሪክ እየጠቀሱ ድሀን የሚያስጨንቁ ሰዎች ደግሞ ከዚያው ከማርቆስ 12 ጥቂት ቁጥሮች ወደ ኋላ መለስ ይበሉ። ኢየሱስ ሴትየዋን ከማሳየቱ በፊት ረጅም ጸሎት እያሳዩ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችን አውግዟል። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን የተቀመጡት እንዲሁ አይመስለንም።

ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማገኘውን ሁሉ ለቤተሰብ እልካለሁ። አሥራት ባለማውጣቴ እየበደልሁ ነው?

እህቴ፣ እናትሽን ማሳከምና ታናናሾችሽን ማስተማር ከእግዚአብሔር ገንዘብ መስረቅ አይደለም። 1 ጢሞቴዎስ 5፥8 ቤተ ሰቡን የማይረዳ ሃይማኖቱን ክዷል እስከ ማለት ይደርሳል። በማርቆስ 7 ኢየሱስ «ቍርባን ነው» (ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው) እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ለሚከለክሉ ሰዎች የተናገረውን አንብቢው፤ አጥብቆ የወቀሰው ልጅን በሃይማኖት ስም ከወላጅ ዕዳ የሚያስመልጥ ወግ ነበር። ትንሽ ከቻልሽ በደስታ ስጪ፤ ካልቻልሽ ተረጋጊ።

ግን ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ዓመታት ለፍታ የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኖ ይጠብቀኛል ብላ ስትመለስ ካርታው በወንድሟ ስም ወጥቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ የወንድሟ ሚስት እንግዳ አድርጋ ቡና የምታፈላላት ሴት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። መጋቢነት የራስሽንም ድካም መጠበቅ ነው። በራስሽ ስም ሒሳብ ክፈቺ፤ በየወሩ ከምትልኪው ላይ ቀንሰሽ እዚያ አስቀምጪ። ቤት ወይም ቦታ የሚገዛ ከሆነ ውክልናው ለምን ለምን ጉዳይ እንደሚሠራ ተለይቶ ይጻፍ፣ ሰነዱም በስምሽ ይሁን። ይህን ስታደርጊ «ስስታም ሆነች» ሊሉሽ ይችላሉ። ይበሉ።

«ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» የሚለው ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ አይደለም?

ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን አይደለም። በ2 ቆሮንቶስ 9 በጥቂት የሚዘራና በበረከት የሚዘራ የሚለው ንግግር የተነሣው በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ቅዱሳን በሚሰበሰብ ገንዘብ ላይ ነው። ጳውሎስ ገንዘቡን ለራሱ አልጠየቀም። በዚያው ክፍል በምሳሌነት የተጠቀሱት የመቄዶንያ ሰዎች ከጥልቅ ድህነታቸው ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ሀብታም ሆኑ የሚል ቃል ግን የለም። ትምህርቱን የጻፈው ሰው ራሱ ሁለት ምዕራፍ አልፎ ረሀቡን፣ ጥማቱንና ብርዱን ይዘረዝራል። ማርቆስ 10፥30 ላይም መቶ እጥፉ «ከስደት ጋር» ነው፤ ይህቺ ቃል በስብከት መሀል እየወደቀች ትቀራለች።

በስልክ ደውሎ «ትንቢት አለህ፣ ዘሩን በዚህ ቁጥር አስገባ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ገንዘቡ የማን ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባና ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ። መልሱ ሰባኪው ራሱ ከሆነ ስልኩን ዝጉ። ሲሞን በሰማርያ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲመጣ ጴጥሮስ የመለሰለት ቃል (ሐዋርያት ሥራ 8፥20) ለስላሳ አልነበረም።

የምንሰጠው ገንዘብ በትክክል መያዙን እንዴት እናውቃለን? መጠየቅስ አለማመን አይሆንም?

አይሆንም። ጳውሎስ የኢየሩሳሌሙን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት ተጉዘዋል፤ ምክንያቱንም በግልጽ ይናገራል፦ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን (2 ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ከአሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት መካከል የገንዘብ ከረጢቱን የያዘው ይሁዳ እንደ ነበርም እናስታውስ።

በደንብ የሚሠራ ቆጠራ ይህን ይመስላል። እሑድ አምልኮ ሲያልቅ ከረጢቶቹ ወደ ቢሮ ይገባሉ። ከአንድ ቤት ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፏቸዋል። የ200፣ የ100፣ የ50 እና የ10 ብር ኖቶች ለየብቻ ይደረደራሉ፤ የተጨማደዱት ይስተካከላሉ፣ ሳንቲሙ በሳህን ይቀመጣል። አንዱ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ይደግማል፣ ሦስተኛው ቅጹን ይሞላል። ኤንቨሎፕ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ካልተገጣጠመ እዚያው ይመዘገባል። ሦስቱም ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ ባንክ የገባበት ስሊፕ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ላይ ለአስቸኳይ ጉዳይ ተብሎ 500 ብር እንኳ አይነሣም፤ ወጪ የራሱ ሰነድ አለው።

በቴሌብር ወይም በባንክ የሚሰጥ ከሆነ ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም መሆን አለበት። የገንዘብ ያዡ ወይም የመሪው የግል ስልክ ቁጥር ማስታወቂያ ላይ ከተለጠፈ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም አሠራሩ ራሱ ሰውየውን ለሐሜት ያጋልጠዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ለአባላት የሚቀርብ በኦዲተር የታየ ሪፖርት ይኑር። እዚህ ላይ መሪዎች «በመንፈስ ነው የምንመራው» ሲሉ መስማት ያሳዝናል፤ መንፈስ ቅዱስ ደረሰኝ አይጠላም።

መጋቢነት ገንዘብ ብቻ ነው?

አይደለም፤ ጊዜ፣ ሙያ፣ ሥልጣንና መሬትም አለ። አብዛኛውን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ቤታችን ውስጥ ያለ አንድ ጉዳይ እናንሣ፤ የቤት ሠራተኛ።

ያዕቆብ 5፥4 ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ዘዳግም 24 ደግሞ የድሀ ምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ይከፈል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ ስላደረገው፣ በየቤታችን የምትሠራው ልጅ ዕረፍቷም የሥራ ሰዓቷም በአብዛኛው በእኛ ሕሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ሕሊናችን ምን እንደሚመስል የሚታየው እዚያ ነው። ደመወዟ ቀን ጠብቆ ይከፈላል? «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ተብሎ ተይዟል? የሰበረችው ብርጭቆ ይቆረጥባታል? እሑድ እኛ አምልኮ ስንሄድ እሷ ቤት ጠባቂ ናት? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጸሎቱ ሰውን ሁሉ የሚያስለቅስ ሰው፣ ስለ እሱ ጸሎት እሷ ብትጠየቅ ምን እንደምትል ማሰብ አለበት።

መሬትን በተመለከተ ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን የምንማረው አለ። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ከላይ ሲታይ፣ ከታረሰው ቡናማ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ይታያል፤ በየመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዙሪያው ያለው የተፈጥሮ ደን ሲመነጠር ያ ተረፈ፤ የቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ አይነካምና። በአንዳንድ ቦታ ካህናቱና ምእመናኑ ከብት እንዳይገባ የድንጋይ አጥር ሠርተውለታል። ከማሳ ላይ የተለቀመ ድንጋይ ለአጥር ሲውል ገበሬውም ማሳው ይጠራለታል። ዘፍጥረት 2፥15 ላይ ሰው የዔድንን ገነት እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሹሟል፤ ይህን በስብከት ከማብራራት እዚያ ሄዶ ማየት ይቀላል።

ጾምስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በኢሳይያስ 58 መሠረት በጣም። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። ከጥሉላት የተቀነሰው ወጪ ወደ ችግረኛ ሲሄድ ጾሙ ሙሉ ይሆናል፤ የጾም ምግቡ ከፍስኩ በልጦ ሲወደድ ግን ከሒሳቡ የሚተርፍ የለም።

ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ትስበክ ወይስ የልማት ሥራ ትሥራ?

ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያውያን ለዓለም መልሰውታል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ቅሬታው ያልተለመደ ነበር፦ የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ። ደብዳቤው ሰውን በሥጋና በመንፈስ ከፍሎ ማገልገልን ተቃወመ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገበት። ዛሬ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የምንለው አነጋገር ከዚያ ዘመን ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። ቄስ ጉዲና ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ ገንዘብ ጥገኝነት ወጥታ ራሷን እንድትችልም አጥብቀው ይናገሩ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ በሁለቱም በኩል ሲያጋድል አይተናል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮት የሚዘጋ አገልግሎት አለ፤ ጎረቤቱ ተርቦ ሳለ የድምፅ ማጉያ የሚቀይር ጉባኤም አለ።

ዕቁብ መግባት ይፈቀዳል? በወለድ ማበደርስ?

ዕቁብ ችግር የለውም፤ ዕጣህ ከወጣ በኋላ መክፈልህን ካላቆምህ። አራጣ ግን በወንጀል ሕጉም የተከለከለ ነው፤ ዘሌዋውያን 25ም ከደኸየ ወንድም ወለድ መውሰድን ይከለክላል። ለተቸገረ ሰው ስናበድር ባይመልስ የምንችለውን ያህል ብናበድር ወዳጅነቱ ይተርፋል።

ባለቤቴ አያምንም። ከጋራ ገንዘባችን በድብቅ አሥራት ላውጣ?

በድብቅ አይሆንም። ገንዘቡ የእሱም ነው፤ አንድ ቀን ሲደርስበት የሚያየው ወንጌልን ሳይሆን የተሸሸገ ሒሳብ ነው። 1 ጴጥሮስ 3 የማያምን ባል ያለ ቃል በሚስቱ ኑሮ ሊማረክ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ንገሪው፤ ምን ያህልና ለምን መስጠት እንደምትፈልጊ፣ ገንዘቡም ምን እንደሚሠራ። ካልተስማማ ለራስሽ ከሚደርሰው፣ ከልብስሽና ከትራንስፖርትሽ ቀንሰሽ የምትችይውን ስጪ። ለእሱ ወላጆች ስጦታ የሚሰጥበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ቀድመሽ አስታውሺው፤ ለእናቱ መድኃኒት ለመግዛት የማትሰስት ሚስት ስለ አሥራት ስታነሣ ቢያንስ ጨርሶ ያዳምጣል።